የጓንግዡ እንግዳና የሚኒሶታ ጠበቃ

እንግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በቀጥታ ከአገር ቤት የሚመጣው በረከት ነው፤ አየር ማረፊያው ውስጥ ካለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ መደነቅ ይጀምርና እስኪሸኝ አያቋርጥም። የዕቃ ማጠቢያውን ማሽን ከፍታችሁ ብታሳዩት ይደነቃል። ውሻውን ካፖርት አልብሶ የሚያንሸራሽር ጎረቤት ብታሳዩት ይደነቃል። እናንተም እሱ በተደነቀ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ከፍ ትላላችሁ፤ ማሽኑን የፈለሰፋችሁት፣ ውሻውንም ያለበሳችሁት እናንተ ይመስል። ከዋሽንግተን የሚመጣው ደግሞ «እዚህም ሰው ይኖራል?» ብሎ በሁለተኛው ቀን ይሄዳል፤ እሱም ይቻላል። የማይቻለው ሦስተኛው ዓይነት ነው። እንደ እናንተው ተሰድዶ፣ ሌላ አገር ከርሞ፣ የተሰደደበትን አገር እንደ አባቱ ርስት ተሸክሞ የሚመጣው። ከዚህስ ይሰውራችሁ።

እኛን አልሰወረንም። ደረጀ ይባላል፤ የባሌ የታምራት ጓደኛ ነው፤ ናዝሬት አብረው ነው ያደጉት። እኛ ሚኒያፖሊስ በገባንበት ዘመን እሱ ቻይና፣ ጓንግዡ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ሴራሚክ፣ የልብስ ቁልፍና የስልክ ከቨር በኮንቴይነር እየጫነ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። በቻይናዎች አዲስ ዓመት ፋብሪካው ሁሉ ስለሚዘጋ ያን ሰሞን ሥራ ፈት ነው። ስለዚህም መጣ። በየካቲት፣ ሚኒሶታ፣ በስስ ጃኬት።

ለመጎብኘት ብቻ ቢመጣ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። ታምራት የከተማ አውቶብስ ይነዳል፤ ሌክ ስትሪትን ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ ይውልና ማታ ሲገባ ሚኒሶታን ሳይረግም ጫማውን አያወልቅም። «ይቺ ፍሪጅ» ነው የሚላት። ደረጀ ይህን ስለሚያውቅ በየእሑዱ እየደወለ፣ «ቤቱን ሽጠህ ና፤ አብረን እንሠራለን። እዚህ ብርድም የለ፣ አለቃም የለ» ይለዋል። ባሌም ስልኩን ይዘጋና ሳሎናችንን ዙሪያውን ያየዋል፤ ሻጭ የሚያየው ዓይነት አተያይ። ያ ቤት እንዴት እንደተገዛ የማውቀው ግን እኔ ነኝ፤ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ያጠፍኩት አንሶላ ቢዘረጋ ናዝሬት ይደርሳል። ልጃችን ቤዛ እዚሁ ተወልዳ ትምህርት ቤቷ እዚሁ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኔም እዚሁ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» ለሚባልላት ላም ብዬ በረቴን የምሸጥበት ምክንያት አልታየኝም።

እንግዲህ ከተማውን ያዞርኩት ለደረጀ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ያስጎበኘሁት ባሌን ነው።

በመጀመሪያው ቀን መሃል ከተማ ወሰድኳቸው። ሕንፃ ከሕንፃ የሚያገናኙትን የመስታወት ድልድዮች እያሳየሁ፣ «ይኸው፣ ብርድ ሳይነካን ከተማውን እናዳርሳለን» አልኩ።

«እኛ ጋ» አለ ደረጀ፣ ከፔርሙዙ ሙቅ ውሃ እየተጎነጨ፤ ሻይ ቅጠል የለው፣ ስኳር የለው፣ ባዶ ሙቅ ውሃ መጠጣት ከቻይና የለመደው ነው። «እኛ ጋ ከተማው ራሱ ሙቅ ነው።»

ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባለው ሰፈር ሄድን። ከአገራችን ሰው ስንቱ ገብቶ የወጣባቸውን ረጃጅም ፎቆች ሳሳየው አንገቱን እንኳ ቀና አላደረገም። «እኛ ጋ ይኼን የሚያህለው የመኪና ማቆሚያው ነው» አለ። ከዚያ በባቡር ወደ ሴንት ፖል ወሰድኩት። ባቡራችን የትራፊክ መብራት ሲይዘው ይቆማል፤ እውነት ነው፣ ምን ይደረግ፣ ጨዋ ባቡር ነው። ደረጀ ግን እንባው እስኪመጣ ሳቀና ስልኩን አውጥቶ የእነሱን ባቡር ቪዲዮ ለባሌ አሳየው። ከመስኮቱ ውጪ ያለው ዛፍና ቤት ሁሉ መስመር ሆኖ ያልፋል። ታምራት አፉን ከፍቶ አየ፤ «እስኪ ድገመው» አለ። 

በማግሥቱ ሌክ ስትሪት ወዳለው ትልቁ ገበያ ገባን። የሜክሲኮው፣ የሶማሌው፣ የሕንዱ ሱቅ በአንድ ጣራ ሥር የተደረደረበት ነው፤ እዚያ ያልተደነቀ ሰው አላውቅም። ደረጀ ሰዎቹን ትቶ ዕቃ እየገለበጠ ከሥሩ የት አገር እንደተሠራ ያነብባል። ሲኒ ይገለብጣል፣ አምፖል ይገለብጣል። መጨረሻ ላይ ወፍ የተሳለባት፣ «ሚኒሶታ» የሚል የተጻፈባት፣ ፍሪጅ ላይ የምትለጠፍ ማግኔት ገለበጠና እንደ ልጁ ሳማት። «ይቺም የኛ ናት!» አለ። ለማስታወሻ ልገዛለት ያነሳሁት እኔው ነበርኩ፤ ተቀብዬ ወደ ቦታዋ መለስኳት።

ስንመለስ ታምራት ራሱ በሚነዳው መስመር ተሳፈርን። ጥቂት እንደሄድን አውቶብሱ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሉ አሮጊት ለመጫን ቆመ። መወጣጫው እስኪዘረጋ፣ አሮጊቷ እስኪገቡ፣ ወንበራቸው በቀበቶ እስኪታሰር ጊዜ ይወስዳል። ደረጀ ሰዓቱን አየ።

«እኛ ጋ እስካሁን ሌላ ከተማ ደርሰን ነበር።»

«ሰው እየተሳፈረ ነው እኮ» አለ ባሌ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ግን አብሬው የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሲከፋው የጆሮው ጫፍ እንደምትቀላ አውቃለሁ። ቀልታ ነበር። እናት ልጇን ስትረግም አሜን የሚላትን ትጠላለች ይባል የለ? ይህ ሰውዬ ሚኒሶታን ሲረግም የኖረው ብቻውን ነበር፤ አሁን አሜን ባይ መጣበት። ሁለት ቀን ሙሉ የደከምኩት በተሳሳተ መንገድ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ የከተማችንን ጉድ ማስጎብኘት ጀመርኩ። ክረምቱ የፈነቀለውን አስፋልት እየመረጥኩ፣ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየነዳሁ፣ መንገድ ዳር የተከመረውን ጥቁር በረዶ እያሳየሁ፣ «ደረጀ፣ እናንተ ጋስ መንገዱ እንዴት ነው?» እላለሁ እንደ የዋህ። እሱም አያሳፍረኝም። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነውር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ነገር ግን ቤቴ ሊሸጥ ነው። ታምራት መልስ መስጠት ጀመረ። «ጨው ስለሚረጩበት ነው፤ ስፕሪንግ ላይ ፊክስ ያደርጉታል» ይላል። «ሰመር ላይ መጥተህ ሐይቆቹን ብታይ እንዲህ አትልም» ይላል፤ ባለፈው ሰመር ትንኝ ጨረሰኝ ብሎ ከቤት አልወጣም ያለው ሰውዬ።

በመጨረሻው ቀን ቤዛንም ይዘን ሐይቁን ልናሳየው ወጣን። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሠርቶ መኪና ይነዳበታል። ሰዎች ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው፣ በረዶው ላይ የበሱትን ቀዳዳ ዝም ብለው ያያሉ። ዓሣ ማጥመዳቸው ነው። ደረጀ አገጩ እየተንቀጠቀጠ ለረዥም ጊዜ ተመለከታቸው።

«እነዚህ ሰዎች ምን አጥፍተው ነው?»

«ዘይ ላይክ ኢት» አለችው ቤዛ።

«ወደውት?» አለና ወደ ባሌ ዞረ። «ታሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። እዚህ አገር ሰው የሚቀመጠው መሄጃ ስላጣ አይደለም?»

ታምራት አጠገባችን ወደነበሩት ሽማግሌ ፈረንጅ ሄዶ አንድ ነገር አላቸው። ሽማግሌው ሁለተኛ ባልዲ ገለበጡለት፣ አጭር የዓሣ ማጥመጃ ዘንግም አቀበሉት። በሕይወቱ ዓሣ አጥምዶ የማያውቀው፣ ሽታውንም የማይወደው ባሌ ባልዲው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ እዚህ የምኖረው ወድጄ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከቀዳዳው ሳያነሳ። «ቤቴንም አልሸጥም። ከእንግዲህ ይህን ነገር በስልክ አታንሳብኝ።»

ደረጀ ፔርሙዙን አቅፎ መኪና ውስጥ ገባ። እኔ ፊቴን እስከ ዓይኔ በሻርፕ ሸፈንኩ። ሁሉም ለብርዱ መሰላቸው።

ስንሸኘው ሁለቱ ጓደኛሞች ተቃቅፈው ተሳሳሙ፤ ወንዶች እንዲህ ናቸው። እኔም ያቺን ማግኔት ተመልሼ ገዝቼ ነበርና በሻንጣው ኪስ ከተትኩለት፤ አገሯ ትግባ ብዬ። ያን ሌሊት በሙሉ ልቤ ተኛሁ። ቤቴ ቤቴ ነው፣ ባሌም ባሌ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ታምራት ከመደብር ተሸክሞ ገባ። የበረዶ መብሻ፣ ትንሽ ድንኳን፣ ሁለት ባልዲ።

«ሁለት ለምን?» አልኩት።

«አንቺስ? አገርሽ አይደለም?»

አገሩን ያስወደድኩት እኔ ነኝ። ይኸው ይህን የማወራችሁም ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት እንዲህ ነው። ታምራት ስለ ሚኒሶታ ሐይቆች ጥልቀት እያስረዳኝ ነው፤ ዓሣ እስከ ዛሬ አልያዘም፣ ቅርም አላለውም። ቤዛ «ኢትስ ቱ ኮልድ፣ ማም» ብላ ቤት ቀርታለች። እሷን ማንም አያስገድዳትም፤ እዚህ የተወለደ ሰው አገሩን መውደዱን በረዶ ላይ ተቀምጦ ማስመስከር የለበትም።

ቅድም ጓንቴን አውልቄ በስልኬ የጓንግዡን አየር አየሁ። ፀሐይ ነው ይላል፤ የፀሐይዋ ስዕል ራሷ ጣት ታሞቃለች። ታምራት ቀና ሲል ስልኩን ብብቴ ሥር ደበቅሁ። ወደ ቀዳዳው ሲመለስ ግን ለደረጀ አጭር መልእክት ጻፍኩለት።

«ደረጀ፣ እናንተ ጋ አንሶላ የሚያጥፍ ሰው ይፈለጋል?»