የልጄ ሦስት ዕድሜ

ጥንቁቅ ሰው አይሳሳትም የሚል ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩልኝ። ግድየለሽ ሰው አንዴ ይሳሳትና ያርፋል። ጥንቁቅ ሰው ግን ለክፉ ቀን የሚሆን ስህተት አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ አጣጥፎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ክፉው ቀን ሲመጣም ስህተቱ ሳይጨማደድ ይወጣል። እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፈውም ለማመስገን እንጂ ለመማረር አይደለም፤ እንደኔ ጥንቃቄ ቢሆን ኖሮ ልጄ እዚሁ ሐይቅ ዳር ቆሞ ይቀር ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከተማችን አዋሳ ስትባል ነው። ልጄ ዳንኤል አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት በጨረሰ በዓመቱ ሶቭየት ኅብረት ሄዶ ሕክምና እንዲማር ተመረጠ። እልልታችንን ሳንጨርስ የወረቀቱ ዝርዝር መጣ። የትምህርት ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ ስምንት ጉርድ ፎቶግራፍ፤ እኔ አሥራ ሁለት አስነሣሁት፣ አራቱ ምናልባት ቢጠፋ። የቀረው ከቀበሌ የልደት ማስረጃ ነው። ያለሱ ፓስፖርት የለም፤ ያለ ፓስፖርት የመውጫ ቪዛ የለም። የተሰጠን ጊዜ ደግሞ አንድ ሳምንት።

እንግዲህ ልንገራችሁ። ዳንኤል አምስት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ያን ጊዜ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚለካው ክንዱን በራሱ ላይ አሳልፎ የወዲያኛውን ጆሮ ሲነካ ነበር። የኔ ልጅ ክንዱ ጸጉሩ መሐል ቀረ። ዘበኛው ተጠግቶ ሲያየን፣ «ክንዱ አጭር ሆኖ ነው እንጂ ሰባት ሞልቶታል» አልኩ። ሁለት ዓመት ጨመርኩለት ማለት ነው። ቆይቶ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ቀበሌው ቤተሰብ ሲመዘግብ እኔ ከእውነተኛው ላይ ሁለት ዓመት ቀነስኩ። ስለዚህ ልጄ በትምህርት ቤት ሃያ፣ በቀበሌ አሥራ ስድስት፣ በቤቱ አሥራ ስምንት ሆነ። ሦስትነት ለፈጣሪ እንጂ ለልጅ አይሆንም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሲጠራ ማን ላይ እንደሚጠራ ግን አይናገሩም።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ዳንጊሶ የትምህርት ቤቱንና የቀበሌውን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋ።

«ጋሽ ደምሴ፣ በዚህ መዝገብ ከሄድን ልጅዎ አንደኛ ክፍል የገባው በሦስት ዓመቱ ነው። ጡት እየጠባ ነው የተማረው?»

«ፈጣን ልጅ ነው፣ ጓድ» አልኩ።

አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። ዕድሜ ማሳሳት በዚያን ጊዜ ቀልድ አይደለም፤ ሰውየው ቢፈልግ ልጄን ከሞስኮ ይልቅ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ሊልከው ይችላል። ደግነቱ፣ «ልደቱን የሚያውቁ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው ይምጡ» ብሎ አሰናበተኝ።

በማግስቱ ሦስት ወዳጆቼን ይዤ ቀረብኩ። አንደኛው ያ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። «ሃያ! ያን ጊዜ ሰባት ሞልቶታል ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። ሁለተኛው በቀበሌው ምዝገባ ቀን ከኋላዬ ተሰልፎ የነበረ ጎረቤቴ ነው። «ኧረ ተው፣ አሥራ ስድስት!» አለ። ሦስተኛው ከሁላችንም ብልጥ ነው፤ «እኔ የማውቀው አባቱ ያለውን ነው፤ አባቱ ያለው ሁሉ ልክ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ምስክሮቼ አልዋሹም፤ የነገርኳቸውን ሁሉ በታማኝነት መለሱልኝ።

የሊቀ መንበሩ ፊት ጠቆረ። ይኼኔ በር ላይ ቆማ የነበረችው ባለቤቴ አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ሽማግሌ ስፈልግ ቀኑን ሙሉ ከተማውን ስዞር፣ እሷን መጠየቅ አልታወሰኝም። ለልደት ምስክር ወንድ ይቆጠራል፤ የወለደችው ግን ምጣዷ ላይ ናት ብለን እንተዋታለን።

«አንተ ዳንጊሶ» አለችው፣ ጓድም ሳትለው። «ልጁ ሲወለድ ማጠቢያውን ውሃ የቀዳኸው አንተ አይደለህም? እናትህ ናት ያዋለደችኝ። ሚኒስትሪ ወድቀህ፣ ሰው እንዳያይህ ጓዳ ተደብቀህ፣ 'ና እንግዲህ ለዚህ እንኳ ሁን' ብላ ባልዲ ያስያዘችህ ዓመት!»

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ጣለች፤ ለማንሣት ጎንበስ ብላም ሳቋን እስክትጨርስ አልተነሣችም። አስካለ ልጃችንን ገደለችው አልኩ በልቤ።

ጓድ ዳንጊሶ ግንባሩን በመዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ለካ እየሳቀ ኖሯል።

«እትዬ አስካለ፣ ያንን ዓመት ማን ይረሳዋል?» አለ። በጣቱ ቆጠረ። «አሥራ ስምንት።»

መዝገቡን አርሞ ፈረመበት፤ ለትምህርት ቤቱም የእርማት ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «አሥራ ስምንት ለሌላም ነገር ይፈለጋል፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ዛሬውኑ ወደ አዲስ አበባ ሂዱ።» የከሰዓት በኋላው አውቶቡስ ባይኖር በእግራችን እንሄድ ነበር። ዳንኤል በሳምንቱ መጨረሻ ፓስፖርቱን፣ በወሩ ቪዛውን አገኘ። ዛሬ ስንት እናት እንዳዋለደ እሱም አይቆጥረውም። ያ ሰው ሥልጣኑ በአንዲት ፊርማ ልጄን ሊያስቀርብኝ ሲችል እውነቱን ብቻ ጻፈ። ስሙን በጸሎቴ ሳላነሣ ያደርኩበት ቀን የለም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ማኅተሙን ካሳረፈ በኋላ መዝገቡን ወዲያው አልዘጋውም። ከልጄ ስም በላይ የኔ ስም አለ። ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እዚህ አርባ ስምንት ይላል?»

እኔ የመንግሥት መጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ያን ጊዜ ጡረታ በአምሳ አምስት መሆኑን ታውቃላችሁ። ቀና ብሎ አስካለን አያት። እሷም፣ ያች የተባረከች ሴት፣ ልትመልስለት አፏን ከፈተች።

ጓድ ዳንጊሶ አንዴ ፊቴን አየና መዝገቡን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

«ይኼ እንኳ ለቪዛ አይጠየቅም» አለ።