ስቶቩ የተበላሸበት እኛ ቤት ይበላል

አከራይ ስለ ተከራዩ ምን እንደሚያስብ ልንገራችሁ። ምንም። ተከራይ ግን ሲነጋ ስለ አከራዩ፣ ሲመሽም ስለ አከራዩ ያስባል፤ ይህን ያህል የሚታሰብለት ሰው ከንጉሥ ቀጥሎ አከራይ ብቻ ይመስለኛል። እኔ ሰቆጣ የምኖር ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ሦስት ክፍሎች አሠርቼ፣ ከሌላ አገር ተመድበው ለሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ከነዕቃው አከራያለሁ። ከነዕቃው ስል አልጋ፣ ጠረጴዛና የኤሌክትሪክ ስቶቭ ማለቴ ነው። ዕቃው ሲሠራ የእኔ ነው። ሲበላሽ የማን እንደሆነ እስከ ዘንድሮ ድረስ የጠየቀኝ አልነበረም።

የጠየቀችኝ ትዕግሥት ናት። ስሟን አምኜ ነበር ያከራየኋት። ለካ ከደብረ ማርቆስ የመጣች የሥነ ዜጋ መምህርት ኖራለች፤ ቀን መብት ስታስተምር ውላ ማታ የምትለማመድበት ሰው የምትፈልግ!

የስቶቯ ሽቦ ተቃጥሎ ጭጭ ሲል መጥታ ነገረችኝ። "ነገ አሠራዋለሁ" አልኳት። አከራይ ነገ ሲል ቀን መቁጠሩ እንዳይመስላችሁ፤ መልካም ምኞቱን እየገለጸ ነው። በማግስቱ ስትመጣ መብራቱ ደክሞ ይሆናል ብዬ አመካኘሁ። መብራት እኛ አገር የማያልቅ ሰበብ ነው፤ ሲጠፋም ያገለግላል፣ ሲመጣም ያገለግላል። ሦስተኛ ስትመጣ ሰበብ ስላለቀብኝ "ከሰል የለም እንዴ?" አልኳት።

"ጋሼ" አለችኝ ፈገግ እንዳለች፣ "እርስዎ ያከራዩኝ ከነስቶቩ ነው። እሱ ካልተሠራ ከነምኑ ነው የተከራየሁት? እንዲያው ሌላ ቤት ብፈልግ ይሻላል።"

"ሌላ ቤት" የሚለውን ባለቤቴ ብርቄ ከጓዳ ሰማችው። ልጆቻችን ሥራ ይዘው ከራቁ ወዲህ ግቢው ጭር እንዳይል አጥብቃ ትፈራለች። ብርቄ ስትናደድ በአፍ መፍቻዋ በኽምጣኛ ነው፣ ስትፈርድ በአማርኛ። ያን ቀን መጀመሪያ እኔን በኽምጣኛ ልክ ልኬን ነገረችኝ፤ ቀጥላ ወደ ትዕግሥት ዞረች።

"ስሚኝ ልጄ፣ በዚህ ግቢ ከዛሬ ጀምሮ ስቶቩ የተበላሸበት፣ ስቶቩ ከሚሠራለት ጋር ይበላል። ደንብ ነው! እስኪሠራልሽ ድረስ ማዕድሽ ከኛ ጋር ነው።"

በልቤ ሳቅሁ። እቺ ቀጭን ልጅ ምን ያህል ትበላለች ብዬ አሰብኩ። የሒሳብ አስተማሪ እንደነበርኩ ነግሬያችኋለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተሳስቼ አላውቅም።

እሑድ ፍየል ታርዶ ጥብስ ቀረበ። ከተጋባን ጀምሮ ጉበቱ የእኔ ነው፤ በቤታችን ያልተጻፈ ሕግ ነው። ብርቄ ጉበቱን በእንጀራ ጠቅልላ ስታነሳ አፌን አዘጋጀሁ። እጇ አጠገቤ ደርሶ ታጥፎ ሄደ፣ ጉርሻው ትዕግሥት አፍ ውስጥ ገባ። ደግሞም ደገመቻት! መቼም ጉርሻ ሲደገም ይግባኝ የለውም፤ መረቁን አጠቀስኩ።

የጥብሱ ሽታ አጥር የለውምና ወደ ሁለተኛው ክፍል ዘለቀ። እዚያ የሚኖረው ሙሉቀን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ በደሃና ወረዳ ገጠር ለገጠር ሲዞር ውሎ ደክሞት ይመለሳል። በማግስቱ መጣና "ጋሼ፣ የኔም ስቶቭ ታሟል" አለኝ። ምን ሆነ ብዬ ብጠይቀው፣ ከሙያው ሳይወጣ "ትኩሳቱ ወርዷል" አለኝ። ሦስተኛው ተከራዬ፣ ዝምተኛው የሒሳብ ሠራተኛ ታከለ ደግሞ ምክንያት መስጠትም አላስፈለገውም። እጁን ታጥቦ መጥቶ ተቀመጠ።

አሁን ሩጫው የእኔ ሆነ። ያ ሁሉ "ነገ" ወዴት እንደገባ እንጃ፤ በጠዋት ኤሌክትሪክ ሠሪ እየጎተትኩ መጣሁ። የትዕግሥት ሽቦ ተቀየረ፤ "ይነዝረኛል ብዬ እፈራለሁ" አለች። የሙሉቀን ሲታይ ምንም አልሆነም፤ "ሰው ሲያይ ያፍራል" አለ። በሰቆጣ ታሪክ "እባክህ ስቶቭህን ልሥራልህ" እያለ ተከራይ የለመነ የመጀመሪያው አከራይ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ለብርቄ "እያታለሉሽ እኮ ነው" ብላት ድስቱ ላይ ሽንኩርት ጨመረች።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሁላችንም ለእራት ስንሰበሰብ ገበታው ባዶ ሆኖ አገኘነው። ብርቄ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ እንግዳ ተቀምጣለች።

"ስቶቬ ተበላሸ" አለች። "እንግዲህ ደንቡ ደንብ ነው። ስቶቩ የሚሠራለት ያብላን።"

ያን ጊዜ የተከራዮቼን ፊት ብታዩት! ሙሉቀን ጣሪያውን መመርመር ያዘ። የመብት አስተማሪዋ ትዕግሥት ጫማዋን አየች፤ ግዴታ የሚባለው ምዕራፍ ትዝ ያላት ይመስለኛል።

"እትዬ" አለች በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ "የኔ እንኳ ዛሬ ጠዋት ሞቅ ያለ መሰለኝ።"

"የኔም ትኩሳቱ ተመልሷል" አለ ሙሉቀን።

ታከለ ቀድሞ ተነሥቶ በር ላይ ደርሷል። "ሽሮ ይሁን?" አለ። ከተከራየ ጀምሮ ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

ያን ምሽት ከክፍል ክፍል እየዞርን በላን። የታከለ ሽሮ ጣት ያስቆረጥማል፤ ይህን ሙያውን በዝምታው ደብቆት ኖሯል! ብርቄ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? በተለይ ሙሉቀን "እሑድ እኔ ጋ ነው፤ ጉበቱም የጋሼ ነው" ሲል።

ወደ ቤት ስንመለስ አከራይነቴ ትዝ አለኝና ስቶቫችንን ልመረምር ጎንበስ አልኩ። ከኋላው ስፒናው ከሶኬቱ ተነቅሎ፣ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቀና ስል ብርቄ በሩን ተደግፋ ታየኛለች።

"ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

"ሽቦው ነው" አልኳት። "ከወልድያ ካልመጣ አይገኝም።"

"መቼ ታሠራልኛለህ ታዲያ?"

"ነገ" አልኳት።