እጅ የማሳረፍ ትምህርት

የእኛን አገር ሽማግሌ አልጋ ላይ የሚጥለው በሽታ አይደለም፤ አክብሮት ነው! አትቆጡኝ... እስቲ አስቡት። አንድ አባት ውሃ ሊቀዱ ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ ቤቱ በሙሉ አብሮ ይነሣል። «ኧረ በሞቴ! ኧረ ይቀመጡ!» እንላለን። ይቀመጣሉ። ከዚያ እርስ በርሳችን «ምነው ጉልበታቸው እንዲህ ከዳቸው?» እየተባባልን እናዝናለን። እንዴት አይከዳቸው! መቼ አስነሣናቸው?

ይህን ጥበብ ያገኘሁት ተዋርጄ ነው። ገጣሚ ነኝ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ «ጎሽ፣ ሥራህስ?» ይለኛል። ግጥም ማንም እንዳላስተማረኝ ስነግራቸው ደግሞ «ያስታውቃል» የሚሉ አሉ። የቤት ኪራይ በግጥም እንደማይከፈል ሲገባኝ፣ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ የመንከባከብ ሥልጠና ገባሁ።

አሠልጣኛችን ሲስተር ሮማን በእንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ በአማርኛ ትቆጣለች። የመጀመሪያው ቀን ትምህርቷ አጭር ነበር፦ «ደንበኛው ራሱ የሚችለውን አትሥሩለት። እየሞከረ እጃችሁን አሳርፉ።» በልቤ ሳቅሁ። እጅ ማሳረፍም ትምህርት ሆነ? እኔ እኮ ለዚህ የተፈጠርኩ ሰው ነኝ! እናቴ ትጠየቅ።

ክፍል ውስጥ በአሻንጉሊት ስንለማመድማ የሚስተካከለኝ አልነበረም። አሻንጉሊቱ ግማሽ እጅጌ ለብሶ ተንጋዶ ሲቀር፣ እጄን አጣጥፌ እመለከተዋለሁ። አሻንጉሊት «ጋሼ» አይባልማ!

ፈተናው ግን ሰው ቤት ሆነ። ሎን ማውንቴን በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ መኮንን፣ ድሮ ታክሲ ነጂ የነበሩ፣ ሰልጣኝ እንዲፈተንባቸው ፈቅደዋል። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን አድክሞባቸዋል። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጃቸው ሔለን ደግሞ፣ አባቷ ብቻቸውን መኖር ይችሉ እንደሆነ በዓይኗ ልታይ ከሲያትል መጥታለች። ጋሽ መኮንን በሩን እንደ ከፈቱልኝ ጎተት አደረጉኝ።

«ስማ የኔ ልጅ፣» አሉ በሹክሹክታ። «ዛሬ ሸሚዜን ራሴ ስለብስ ታየኛለች። ስለማመድ ነው የከረምኩት። ካየች ቤቴ እቀመጣለሁ፤ ካላየች ሲያትል ወስዳ ዝናብ ታስመታኛለች። አደራህን!»

«ምን ችግር አለ ጋሼ! በእኔ ይጣሉት!»

በእኔ ጣሉት።

ሲስተር ሮማን ጥግ ላይ፣ ሔለን ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ መኮንን የደከመውን እጃቸውን አስቀድመው እጅጌው ውስጥ አስገቡ፤ ልክ እንደ ተማርነው። ከዚያ የላይኛውን ቁልፍ ያዙ። አመለጣቸው። ደግመው ያዙት። ጣቶቻቸው ተንቀጠቀጡ... ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አባት የሚሆኗችሁ ሰው ፊታችሁ ቆመው ከአንዲት ቁልፍ ጋር ሲተናነቁ፣ እጃችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ታያላችሁ? እኔ ከትቼ ነበር። ሳላዘው ወጣ! ወደ ራሴ ስመለስ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፎ፣ እኔ ከትከሻቸው አቧራ እያራገፍኩላቸው ነው። አቧራ አልነበረም።

ሲስተር ሮማን በአማርኛ አሳለች።

«ኦ ማይ ጋድ... ዳዲ፣ አንተ ሸሚዝ አትችልም?» አለች ሔለን። «ለምን ለእኔ አልነገርክም?»

«እንዴት አልችልም! ይሄ ልጅ እኮ ነው...»

«ኢትስ ኦኬ ዳዲ። ከእኔ ጋር ትሄዳለህ፣ ኦኬ?» ብላ ሻንጣቸውን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች።

«ታዲያ ምነው አላስቆሙኝም ጋሼ?» አልኳቸው፣ ላብ በላብ ሆኜ።

«እንዲህ ከልብህ ስትታዘዘኝ እንዴት እምቢ ልበልህ? ይሉኝታ ያዘኛ!»

ይታያችሁ፤ የሰውየው ቤት በሁለት ሰው ትሕትና ሊዘጋ ነው!

«እሺ እንደገና እንሞክር!» አልኩና ቁልፋቸውን እፈታላቸው ጀመር።

«እጅህን!» ሲስተር ሮማን ጮኸች። «ተቀመጥ! እጅህ ላይ ተቀመጥበት!»

መዳፎቼን ወንበሩ ላይ አንጥፌ ተቀመጥኩባቸው። ጋሽ መኮንን ጥቂት ካሰቡ በኋላ ሔለን ከምግብ ቤት ይዛው ወደ መጣችው ቀይ ወጥ ዞሩ።

«ሔሉ፣ ነይ ቁጭ በይ። እንግዳ ሳይቀምስ አይሄድም።»

ጤነኛው ግራ እጃቸው ነው። ግን በግራ የሚያጎርስ ማን አለ? በቀኛቸው እንጀራውን ቆረሱ፣ ወጡን ጠቀለሉ፣ አነሡት። ጉርሻው ጠረጴዛውን እየተወዛወዘና እየተንጠባጠበ ተሻገረ። እኔ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፌን ከፈትኩ። ግማሹ ገባ። ግማሹ አፍንጫዬ ላይ አረፈ፣ በርበሬው ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ የተረፈው ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ።

«ዓይኔን! ኧረ ዓይኔን!»

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ አይዞህ፣» ብለው በቀኝ እጃቸው ፊቴን በሶፍት ጠረጉልኝ። ከዚያ «ይሄንንማ መቀየር አለብኝ» ሲሉ ሰማሁ።

ሰማሁ እንጂ አላየሁም። ገጣሚው ታውሮ፣ ንፍጡን እየማገ፣ እጁ ላይ ተቀምጧል። ቁም ሣጥን ተከፈተ። ጨርቅ ተንኮሻኮሸ። ጋሽ መኮንን ቁና ቁና ተነፈሱ... በጣም ረጅም ጊዜ ተነፈሱ። መርዳት አማረኝ፤ ግን የት አባቴ ቆሜ፣ የማንን ቁልፍ አይቼ! በመጨረሻ እንደ ምንም አንድ ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ፣ ጋሽ መኮንን በነጭ ሸሚዝ ቆመዋል። አንዷን ቁልፍ ብቻ ዘለዋታል። ሔለን ከጓዳ ተመልሳ፣ በአንድ እጇ ባዶውን ሻንጣ እንደያዘች፣ በሌላው አፏን ሸፍናለች።

«አየሽው?» አለቻት ሲስተር ሮማን።

«አየሁ፣» አለች ሔለን፤ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተችኝ። «ዳዲ ኦኬ ነው። ብቻውን መተው የሌለበት ይሄ ልጅ ነው!»