ክብርት ዜሮ ማርሽ

በየቤተሰቡ መሪ ሳይጨብጥ የሚነዳ አንድ ሰው አለ። የለብንም የሚል ቤተሰብ ካለ ወይ መኪና የለውም፣ ወይ እውነቱን አይናገርም። ይህ ሰው ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል። መታጠፊያው ሳይደርስ ይታጠፋል፣ መብራቱ ሳይቀላ ይቆማል፣ ከፊት ያለው መኪና ምንም ሳያጠፋ ይቆጣል። በእኛ ቤት ይህን ማዕረግ የያዘችው የእናቴ ታላቅ እህት ናት። አክስቴ ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና መንዳት አስተምራ ጡረታ ወጥታለች። ማስተማሩ ግን አብሯት አልወጣም።

ታስተምርበት የነበረው መኪና በአስተማሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን ነበረው። በእኛ መኪኖች ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ብዙ ጊዜ ነግረናታል። እሷ ትሰማለች፣ እግሯ አይሰማም። በእኔ መኪና ውስጥ ከጎኔ ያለውን ወለል ረግጣ ረግጣ ምንጣፉን በስታዋለች። አዲስ ባነጠፍኩ ጊዜ ሳታመሰግነኝ፣ በዚህ ገንዘብ ፍሬን ብታስገጥሚ ይሻል ነበር አለችኝ።

ፍሬን ግን ለክብርት አክስቴ ተራ ነገር ነው። እምነቷ ሞተሩን ከጎማው በሚያላቅቀው ዜሮ ማርሽ ላይ ነው። እንደምን አደራችሁ ከማለቷ በፊት፣ «ነዳጅ መስጫው ተይዞ ቢቀርስ?» ትላለች። መልሱን በቃል ማወቅ ግዴታ ነው፤ መጀመሪያ ማርሹን ዜሮ፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ከዚያ ጥግ፣ ቁልፍ መጨረሻ። ቁልፍ ያስቀደመ ወድቋል፤ መኪናው እየሄደ ሞተር ካጠፉት መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደነድናል። ይህን እኔና የአክስቴ ልጅ የተማርነው ማባዛት ሳንማር ነው። የምግብ ወንበር ላይ ታስቀምጠንና የመጥረጊያ እንጨት በጎናችን አቁማ ማርሽ ነው ትለናለች። እሷ ከኋላ እንደ ሞተር ስትጮህ እኛ ደንግጠን እንጨቱን እንለቃለን። «ይጩኽ! መጮኽ ሰው አይገድልም» ትልና እንደገና ታስጀምረናለች።

ታዲያ ዜሮን እንዲህ የምትወድ ሴት፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚለቅ ሹፌር ታዝንለት ይሆናል ብላችሁ እንዳታስቡ። እሱን የምታየው የመድኃኒት ብልቃጥ ከፍቶ እንደሚጫወት ልጅ ነው። አንድ ቀን በታክሲ ስንሄድ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ የሞተሩ ድምፅ ቀነሰ። አክስቴ ማርሽ እንዲያስገባ በትሕትና ጠየቀችው። ሹፌሩ በመስታወት አያትና፣ እማማ፣ መኪናው እኮ የእኔ ነው አላት።

«መኪናው ያንተ ነው፤ አንገቱ የእኔ ነው» አለችው። አስቆመችው፣ ወረደች። እሷን አይተው አሥራ አንድ ሰዎች ወረዱ። ዜሮ የክፉ ቀን ነው እንጂ የቁጠባ አይደለም እያለች ያንን ሁሉ ቁልቁለት በእግር አስተማረችን። ከአሥራ አንዱ አንዷ እኔ ነበርኩ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ።

ዘንድሮ ሰባ አንድ ዓመት ሞላት። አሮጌ መኪናዋን አሁንም ራሷ ትነዳለች። የግቢውን በር ሁለት ጊዜ ጫረችው፤ እሷን ብትጠይቋት በሩ ነው የጠበበው። የዓይን ምርመራውን ግን አልፋለች፣ ያውም ከልጇ የተሻለ አንብባ። ልጇ ፋርማሲስት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቷል እንጂ። የፈራ ልጅ ደግሞ እናቱን እንደ ዕቃ ሊያስቀምጣት ይፈልጋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ተመካከረና እሑድ በእናቴ ቤት ምሳ ላይ የመኪናዋን ቁልፍ እንድንቀበላት ወሰነ። ተናጋሪዋ እኔ እንድሆን ተመረጥኩ። እሷ ስለምትወደኝ ነው አሉ። እኔም እሺ አልኩ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

እሑድ ጠዋት የአክስቴ ልጅ በአዲሱ መኪናው ወሰደን። እናቱን ከኋላ ካልተቀመጥሽ አልነዳም አላት። መኪናው አውቶማቲክ ስለሆነ ዜሮ ምናምን የሚባል ጣጣ እንደሌለውም ጨመረላት። «ታዲያ ያቺ ኤን የምትባል የዜሮ ፊደል ለጌጥ ነው የተጻፈችው?» ብላ ከኋላ ገባች። ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለችም።

ዳገቱን ጨርሰን ወደ ታች መውረድ ስንጀምር መኪናው ተፈናጠረ። የአክስቴ ልጅ በአሮጌው ምንጣፍ ላይ አዲስ ወፍራም ምንጣፍ ደርቦ ኖሯል፤ ተንሸራቶ ነዳጅ መስጫውን ተጭኖ ያዘው። ፍሬን ረገጠ፣ መኪናው ግን እየታገለ ይሄዳል። ከታች በኩል ሰዎች መንገድ ይሻገራሉ። እኔ ቁልፉን አጥፋ ልል አፌን ከፈትኩ። የእሱ እጅ ቀደመኝ። ማርሹን ገፍቶ ኤን ላይ አደረገው፤ ሞተሩ ጆሮ እስኪበጥስ ጮኸ። እሱ ግን አልደነገጠለትም። ፍሬኑን አጥብቆ ያዘ፣ ወደ ጥግ ወጣ፣ ቆመ፣ መጨረሻ ላይ ቁልፉን አጠፋ። አንዱንም አላዘበራረቀም።

ዞሬ አክስቴን አየኋት። ቀበቶዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት።

«ተማሪ በትክክል ሲሠራ አስተማሪ ዝም ይላል» አለች።

ከዚያ ወረደች። ምንጣፉን ጎትታ አወጣችና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወረወረችው፣ ነዳጅ መስጫውንም በእጇ ደጋግማ ሞከረችው። ልጇን ወደ ኋላ ሰደደችውና መሪውን ራሷ ያዘች። እየተንቀረፈፈች፣ ከኋላችን የሚነፋውን ጥሩንባ ሁሉ እየናቀች እናቴ ቤት አደረሰችን።

ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ሁሉም እኔን እኔን ማየት ጀመረ። መሸሻ አልነበረኝም። «አክስቴ፣ የተሰበሰብነው ቁልፍሽን ልንቀበልሽ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም ልሰጣችሁ ይዤው መጥቻለሁ። ልጄ እንቅልፍ አጥቷል፤ ይበቃኛል ብዬ ነበር።»

ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ማንም እጁን አልዘረጋም። ልጇ ውሃ ሊጠጣ ብርጭቆ ያነሳል፣ ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር ይጋጫል። እሷ እሱን አየች፣ ቁልፉን አየች።

«አሁን ግን እኔ መንዳት ካቆምኩ ማን ይመልሳችኋል?» ብላ ቁልፉን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ተናጋሪ ተብዬ የለ፣ ተናገርኩ። የዓይን ምርመራውን እስካለፈች ድረስ ቁልፉ የእሷ ነው፣ ያልተስማማ ጫማውን አጥብቆ በእግሩ ይግባ አልኩ። ታላላቆቼ አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ። ይህቺን ሴት እወዳታለሁ፤ ሳልፈራ መንዳት የቻልኩት በእሷ ነው። ልጇ እንደሚቃወመኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሱ ግን ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ስንመለስ ከእማዬ ጎን የምቀመጠው እኔ ነኝ አለ።

አይሆንም አልኩት። ጫማዬን እንኳን ሳላስር ሮጬ ወጣሁና የፊቱን ወንበር ያዝኩ።