ለአባቴ እግር የተገዛ ጠብ

የእኛ ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም። ለለቅሶ ይሄዳል፣ ለሠርግ ይሄዳል፣ ለሽምግልናማ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ይገሰግሳል። ዝም ብሎ ደርሶ የሚመለስ ሰው ካያችሁ ግን ወይ አብዷል፣ ወይ ሐኪም አዞታል።

አሁን የምንኖርባት የናታኒያ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ይህን ከየት ይወቅ? ከሠፈራችን ጀርባ ባቡር ከተወው ስንት ዘመኑ የሆነውን ሐዲድ ነቅሎ፣ አስፋልት አልብሶ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ የእግር መንገድ አደረገልን። ከሁሉ በላይ የፈነጠዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሟ «በቀን አንድ ሰዓት ካልተራመዱ ለእግራቸው እፈራለሁ» ብላኛለች። ወስጄ አሳየኋቸው። መንገዱን ዓይናቸው እስከደረሰበት ድረስ አዩና፣ «ተመልሼ ቤቴ ለምገባው ምን አስወጣኝ?» አሉ። እስቲ መልሱላቸው!

እኔም ተንኮል አሰብኩ። በመንገዱ ማዶ ጫፍ፣ ኤይን ሀትኽሌት በሚባለው ሠፈር ለሚኖረው የልብ ጓደኛዬ ለአስረስ ደውዬ «ለአባቴ ጤና ስንል እንጣላ» አልኩት። «በሴደር፣ እሺ፣ እንጣላ» ብሎ ሳቀ። ለአባቴም፣ አስረስ መሰላሌን ወስዶ አልመልስም አለኝ ብዬ አቤት አልኩ። ወዲያው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

ሽማግሌ ሥራ ሲያገኝ አይታችኋል? በየቀኑ ሄዱ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያሉ መሰላሉን ትተው የሃያ ዓመት ጓደኝነታችንን ሁሉ ይቆፍሩ ጀመር። አንድ ቀን ላባቸውን እየጠረጉ፣ «አስረስ ‹ቤት ሲቀይር ፍሪጁን አራት ፎቅ ተሸክሜለት ውሃ እንኳ አላጠጣኝም› ይላል፤ እውነት ነው?» አሉኝ። ይህ በድርሰታችን ውስጥ አልነበረም። ክፋቱ ደግሞ እውነት መሆኑ ነው። በማፈር ፈንታ ተናደድኩና፣ «እሱስ ሆስፒታል ስተኛ መቼ ጠየቀኝ?» አልኩ። አባቴ ይህንንም አንዲት ቃል ሳያጎድሉ በማግስቱ አደረሱ።

ከዚያ ወዲህ አስረስ ስልኬን አያነሳም። እውነቱን ለመናገር ናፍቆኛል። ሁሉንም ለአባቴ ብናዘዝ ደግሞ ቤት ቁጭ ማለታቸው ነው፤ እግራቸውስ? ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ የደም ምርመራቸውን አይታ «ኮል ሀካቮድ! ጎበዝ!» እያለች አጨበጨበችላቸው።

ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ «አባዬ፣ መሰላሉን ትቼለታለሁ፤ በቃ አስታርቁን» ብዬ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ የእናንተ ጠብ የዋዛ አይደለም፤ ገና ብዙ ያስኬዳል። ይልቅ ይሄ ጫማ ጠቦኛል፣ የስፖርት ጫማ ግዛልኝ።»