ሲ ቲጃኒና የሐጂ ኸሊፋ አጥር

የጓደኛሞች ስብስብ ባለበት ሁሉ ተሳስቶ የማያውቅ አንድ ሰው አለ። ሁለት አይኖሩም፤ ሁለት ከሆኑ ስብስቡ ሳምንት አይዘልቅም። ይህ ሰው ሚስማር ቢያጣምም ጥፋቱ የግድግዳው ነው። ዓሣ ቢያሳርር እሳቱ ነው የባለገው። መንገድ ቢጠፋው የጠፋው መንገዱ ነው፤ እሱማ እዚያው ቆሟል።

ደሴታችን ቀርቀና ትንሽ ናት፤ አንዱ ዳር ያስነጠሰውን ሰው ሌላው ዳር ያሉት "ይማርህ" ይሉታል። ቢሆንም ፈጣሪ በዚህ በኩል አልነፈገንም፤ ክቡር ሲ ቲጃኒን ሰጥቶናል፤ 'ሲ' በእኛ አገር 'አቶ' እንደማለት ነው።

ሲ ቲጃኒ ቁመቱ አጠር፣ ደረቱ ነፋ ያለ፣ ቀዩን ቆቡን ወደ አንድ ጆሮው ጣል የሚያደርግ ሰው ነው። ሲናገር ምስክሩ እዚያ ያለ ይመስል ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር የሚላት ቃል አለችው፦ "እኔ መች ተሳሳትኩና!" ይህችን ቃል በረምላ መንደር የማያውቃት ሕፃን የለም። እንዲያውም ልጆቻችን ብርጭቆ ሲሰብሩ ደረታቸውን ነፍተው ይሏታል፣ እኛም ስቀን ስለምንተዋቸው ጥሩ አስተማሪ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ ከሰፋቅስ ገበያ የምትታለብ ፍየል ገዝቼ መጣሁ አለ። ፍየሏ ወንድ ነበረች። መላው መንደር አይቶ አረጋግጦ ሲያበቃ ሲ ቲጃኒ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ክረምቱን ሙሉ ወተት ሲጠብቅ ከረመ። "ዘገምተኛ ዘር ናት" ይል ነበር። በሌላ ጊዜ የወንድሙን ድግስ ሜዳ ላይ አስደግሶ፣ "ዛሬ ጠብታ አይወርድም" ብሎ ምሎ፣ እንግዳው ሁሉ እስከ ውስጥ ልብሱ ሲበሰብስ ከድንኳኑ ሥር አንገቱን አውጥቶ "ይሄ ዝናብ አይደለም፣ ጤዛ ነው። ትንሽ ከበድ ያለ ጤዛ" አለ። ሚስቱን ዙህራን ጠየቅኳት፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ብሎሽ ያውቃል ወይ ብዬ።

"አንድ ቀን ብሎኛል" አለችኝ። "በእንቅልፍ ልቡ ነበር። ደግሞ ለእኔ አልመሰለኝም።"

እንግዲህ ጓደኛችን ሉጥፊ የሕይወቱን ትልቅ ጉዳይ ያስረከበው ለዚህ ሰው ነው።

ሉጥፊ አናጺ ነው። ዕድሜው አርባን አልፏል። በአል አጣያ የምትኖረውን ሳልሃን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፣ ይህን ሁለቱም መንደሮች ያውቃሉ። የማያውቅ ከነበረ አባቷ ሐጂ ኸሊፋ ብቻ ናቸው፣ ምክንያቱም የሚነግራቸው ጠፋ። ሉጥፊ እንጨት ፊት አንበሳ፣ ሰው ፊት ጥጃ ነው። መጀመሪያ ሊጠይቅ ሲሄድ አውቶቡስ ተሳፍሮ መንገድ ላይ ወረደ። ሁለተኛ ጊዜ እስከ በራቸው ደረሰ፣ አንኳኳ፣ ሐጂው ከፈቱለት፣ ውሃ ለመነ፣ ጠጣ፣ አመስግኖ ተመለሰ።

ሐጂ ኸሊፋ ነገሩን በኋላ ሲሰሙ በሉጥፊ አክስት በእማማ መብሩካ በኩል መልእክት ላኩ፦ "ሐሙስ ከሰዓት እስከ ዐስር ሶላት እጠብቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ውሃ የጠማው ሰው ሌላ በር ያንኳኳ።" ሳልሃም የራሷን ጨመረችበት። "ባይመጣ አልቆጣውም፣ ግን ከእንግዲህ አልጠብቀውም" አለች። ይህቺ ሁለተኛዋ ሉጥፊን እንቅልፍ ነሳችው።

ያን ጊዜ ሲ ቲጃኒ ጣቱን ቀሰረ።

"በጀልባዬ ነው የምንሄደው። በአውቶቡስ ሚስት የሚጠይቅ ቀርቀናዊ አይቼ አላውቅም። አባቶቻችን ሸራ ዘርግተው ነው ያገቡት።"

"አባትህ እኮ የግድግዳ ጎረቤቱን ልጅ ነው ያገባው" አልኩት።

"ቢሆንም በባሕር ዞሮ ነው የገባው!" ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ሞኝ፣ ከአውቶቡስ ይወርዳል። ከጀልባ ወዴት ይወርዳል?"

ይህቺኛዋ ከእውነት የራቀች አልነበረችም። እማማ መብሩካ ግን "እኔ የማውቀው ሹፌር አለኝ" ብለው ከሴቶቹ ጋር በአውቶቡስ ሄዱ፣ በሰዓቱም ደረሱ።

እኛ ሦስታችን በጠዋት ከረምላ ተነሳን። ለሐጂው የያዝነው የባቅላዋ ጣፋጭ ትሪ ጭኔ ላይ፣ ሉጥፊ እንደ ሬሳ ገርጥቶ መሀል ላይ፣ ክቡርነታቸው መሪውን ጨብጠው ኋላ ላይ። ነፋሱ ደግ ነበር፣ ሸራው ሞላ፣ ዳርቻው ከነተምር ዛፉ በጎናችን ይሄድ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር፤ እኔም ለአፍታ ይህ ሰው ልክ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ።

ባሕራችን እንደ ሌላው ባሕር አይደለም። ብዙው ቦታ ከጉልበት አያልፍም፣ በቀን ውስጥም ሸሽቶ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። ጀልባ የሚያስኬደው በመሀሉ የሚያልፈው ጠቆር ያለው ጥልቅ መስመር ነው፤ እኛ "ወንዝ" እንለዋለን። ወንዙን የሳተ ባለበት ቆሞ ይቀራል። ሲ ቲጃኒ ስለ አያቱ የሸራ ጥበብ እየተረከልን ሳለ ጀልባዋ ሆዷን አሸዋ ላይ አሻሽታ ቆመች። ውሃው ከሥራችን እያየነው ሄደ።

"ወንዙን ስተሃል" አልኩት።

"እኔ መች ተሳሳትኩና! ባሕሩ ነው የቸኮለው። ዛሬ ሐሙስ መሆኑን ማን ነገረው?"

ይህን ስንከራከር ሉጥፊ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ወደ ረምላ መራመድ ጀምሮ ነበር። ከጀልባ ወዴት ይወርዳል ላለው ሰው መልሱ ይኸው፤ ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ባሕር ላይ እስከ ቤቱ ድረስ ይወርዳል። ትሪውን አስቀምጬ ሮጬ ያዝኩት።

"ተወኝ ወንድሜ" አለኝ። "አላህ ራሱ አልፈለገውም። አታይም ባሕሩን እንኳ አደረቀው?"

"ባሕሩ ሁልጊዜ ይደርቃል! ትናንትም ደርቋል! ትናንት ማንን ልትጠይቅ ነበር?"

እጁን ጎትቼ መለስኩት። ውሃው እስኪመለስ ጠበቅን። ሉጥፊ ፀሐይዋን ያያል፣ እኔም እሷኑ አያለሁ፤ ሲ ቲጃኒ ብቻ "ይሄን እረፍት እኔ አስቤበት ነው፣ ፊቱ እንዲረጋጋ" እያለ ይዘባርቃል። ልመታው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ጀልባዋ ስትነሳ ጊዜው ጠቦ ነበር። ግን ነፋሱ በረታልንና የአል አጣያ ቤቶች ብቅ አሉ። እዚህ ጋ ባሕሩ ባለቤት አለው። እንደ እርሻ ተከፋፍሎ ከአያት ለልጅ ልጅ የሚወረስ ነው፤ ባለቤቱም የደረቀ ዘንባባ ጭቃው ውስጥ ተክሎ ረጅም አጥር ይሠራል፣ ዓሣው አጥሩን ተከትሎ ወጥመድ ይገባል። ወቅቱ መከር ስለነበር አጥሮቹ ሁሉ አዲስ ነበሩ። የሰው በር የሰበረ ሰው በእኛ ዘንድ ይቅር ይባላል፤ የሰው አጥር የሰበረ ግን ሰላምታ ይነፈጋል። አጥር ስለተነካ ብቻ ሳይነጋገሩ የሞቱ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

ሲ ቲጃኒ ዘንጉን ይዞ የውሃውን ቀለም ሊያይ ወደ ፊት አለፈ። መሪውን ለሉጥፊ ሰጠው።

"ቀጥ አድርገህ ያዝ። አጥር ስታይ ወደ ቀኝ። ይኸው ነው።"

ሉጥፊ ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ ዳርቻው ላይ ካለች አንዲት ቤት እስክንደርስ ድረስ። ጣሪያዋ ላይ አንዲት ሴት ቆማ ኦክቶፐስ ገመድ ላይ ታሰጣ ነበር። ሳልሃ ነበረች። ሸራችንን አየች፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ተመለከተች፣ ከዚያ ቆመች። ሉጥፊም መሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"ወደ ቀኝ!" ሲል ጮኸ ሲ ቲጃኒ። "ወደ ቀኝ መልሰው፣ አንተ ሰው! ወደ ቀኝ!"

ምስክር ነኝ፤ በዚያች ቅጽበት ሲ ቲጃኒ ሙሉ በሙሉ ልክ ነበር። በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ሉጥፊ ወደ ግራ መለሰው።

ዘንባባው ተንኮሻኮሸ፣ ጀልባዋ አጥሩን ገነጣጥላ መሀሉ ገብታ ቆመች፣ የታፈነው ዓሣም በግራ በቀኛችን እየዘለለ እግሬ አውጪኝ አለ። ሲ ቲጃኒ የዳርቻውን ቤት አየ፣ አጥሩን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ።

"የማን ባሕር ነው?" አልኩት።

"የሐጂ ኸሊፋ።"

እሳቸውም እየመጡ ነበር። ነጭ ልብሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ባሕሩን እንደ ግቢያቸው እየረገጡ፣ ሳይቸኩሉ። ውሃ ለምኖ የተመለሰው ሰው በመጨረሻ መጥቶ አጥራቸውን አፈረሰ፤ ከዚህ በኋላ ምን አፍ ይኖረዋል? ጣሪያው ላይ ያለችው ሴት አልተንቀሳቀሰችም።

ሐጂው ደረሱ። ሰላም አላሉንም።

"መሪውን የያዘው ማነው?"

ሲ ቲጃኒ አሁን ጣቱን ይቀስራል ብዬ ጠበቅሁ። ነፋሱን፣ ጨረቃን፣ ጠማማ የተተከለ አጥርን ሊከስስ ነው አልኩ። ለነገሩ ምንም መፍጠር አያስፈልገውም ነበር፤ ለአንድ ጊዜ እውነቱ ከእሱ ጋር ነበረች፣ ምስክርም አለው። ጣቱን ወደ ጎን ቢያዞረው በቃ።

ቆቡን ከራሱ አወለቀ።

"እኔ ነኝ፣ ሐጂ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሉጥፊ 'ወደ ቀኝ' እያለ ሲጮህ እምቢ አልኩት።"

ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ሉጥፊ አፉን ከፈተ፤ "ሐጂ፣ እኔ እኮ…" ሲል ሲ ቲጃኒ እግሩን አጥብቆ ረገጠበት።

ሐጂ ኸሊፋ ዓይናቸውን አጠበቡ። "አንተ የረምላው ቲጃኒ አይደለህም? ባለ ፍየሉ?"

"ነኝ።"

"እና ተሳስቻለሁ ነው የምትለኝ?"

የዓሣ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ጉሮሮው ሁለቴ ወጣ ወረደ። "ተ… ተሳስቻለሁ።"

ሽማግሌው ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ባሕሩ አዩ፣ ከዚያ ጢማቸውን ዳበሱ።

"በሉ ውረዱ። ቲጃኒ ይህን ካለ ዓለም ማለቋ ነው። ቂያማ ሳይቆም የመተጫጨቱን ፋቲሃ እንቅራ።"

ሉጥፊ ከጀልባዋ ዘለለ። ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ፣ የተሰበረ ዘንባባ መሀል ቆሞ፣ ቤት እስኪገባ ሊጠብቅ አልቻለም፤ ይፈራል ብሎ የጠረጠረ እስኪገረም ድረስ ጮክ ብሎ ተናገረ።

"ሐጂ፣ ውሃ አይደለም የምፈልገው። ልጅዎን ነው።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ሐጂ ኸሊፋ። "ሰምቻለሁ፣ አትጩህ፣ እሷም ሰምታለች።"

ከጣሪያው ላይ እልልታ ወረደ። የዐስር አዛን የተሰማው ሁላችንም እጃችንን ታጥበን ከተቀመጥን በኋላ ነው። ባቅላዋው ትንሽ ጨው ነክቶት ነበር፣ ማንም ግን አልተናገረም።

አጥሩን የሚተክለው ሲ ቲጃኒ ሆነ። በማግስቱ ዘንባባ ተሸክሞ ወደ አል አጣያ ሄደ፣ በቀጣዩም፣ በቀጣዩም። ላየው ሄድኩ። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይተክላል፤ በአጠገቡ የሚያልፈውን ዓሣ አጥማጅ ሁሉ "የሐጂ አጥር አሮጌ ፈሊጥ ነበር፣ በዘመናዊ መንገድ እያቃናሁለት ነው" ይለዋል።

"ስማ ቲጃኒ" አልኩት ከዳር ሆኜ። "ያን ቀን ምን እንዳደረግክ አይቻለሁ። ጥፋቱን በራስህ ላይ…"

"የምን ጥፋት?" ቀና አለ። "እኛ በመንገዳችን ስንሄድ አጥሩ ነው የመጣብን! አንተ ዓይን የለህም?"

በዚህ ደሴት ላይ ብዙ ጥሩ ሰዎች አሉ፤ ሲያጠፉ አጠፋን የሚሉ፣ ጨዋዎች። አከብራቸዋለሁ። ይህን ሰው ግን እወደዋለሁ። ሱሪዬን እስከ ጭኔ ሰብስቤ ወደ ውሃው ገባሁ፣ የዘንባባውን ጫፍ ያዝኩለት። ከመስመሩ በግልጽ ወጣ አድርጎ ነበር የተከለው፤ እንኳን እኔ፣ ዓሣው ሳይቀር የሚያየው ጠማማ ነው። ሲ ቲጃኒ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው።

"ቀጥ ብሏል?" አለኝ።

"ቀጥ ብሏል" አልኩት።