ቤት ተሸካሚዎች

መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ ነው። በቀትር፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ላይ ካፊያ የሚጥል ይመስል ነበር። አንጁሎ ወጥቶ ሰማዩን አየ፤ ደመና የለም። ተመልሶ ገባና ጆሮውን ከቀርከሃው ግድግዳ አስጠጋ። ካፊያው ያለው እዚያ ውስጥ ነበር።

ምስጥ መሆኑን ያወቀው ያን ቀን ነው፤ ለሰው ያመነው ግን ከስድስት ዓመት በኋላ።

በዚያ ደጋ መንደር ቤት የሚሠራው ከቀርከሃ ነው፤ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተደፍቶ ይቆማል። ምስጥ እግሩን ሲበላው ባለቤቱ የተበላውን ከሥር ይቆርጠዋል፤ ቤቱም በዚያው ልክ ያጥራል። አንጁሎ ሦስት ጊዜ ቆረጠ። በቆረጠ ቁጥር "አሁንስ በቃ!" ይላል፤ ሳምንት ሳይሞላ ካፊያው ይጀምራል። ሁልጊዜም የሚቆርጠው ብቻውን፣ በር ዘግቶ ነው።

"ቤትህ አጠረሳ!" ይሉታል አላፊ አግዳሚዎች።

"እኔ ነኝ የረዘምኩት" ይላል።

ሚስቱ አሰለፈች ግን አልሳቀችም። የሰባት ዓመት ልጃቸው በገዛ ቤቷ በር ግንባሯን የተመታች ቀን፣ እናቷ የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። "ክረምት ሳይገባ ይህ ቤት ከዚህ መሬት ካልተነሣ አትጠብቀን" አለችው።

ቤት ማንሣት በመንደሩ የታወቀ ነው፤ ከነጣሪያው ተሸክመው ምስጥ ወዳልገባበት መሬት ይወስዱታል። አንድ ሰው ግን አያነሣውም። አንጁሎ መጀመሪያ የሄደው የድሮ ጓደኛው ጫልቻ ዘንድ ነው። የጫልቻ ቤት ከሁሉም ያጠረ ስለሆነ፣ እዚያ ስለ ቁመት የሚያወራ የለም።

"ምን አስቸኮለህ? ምስጥ የሌለበት ቤት አለ እንዴ? ይልቅ ቁጭ በል" አለው ጫልቻ፣ አረቄ እየቀዳለት።

ቁጭ አለ። ሲወጣ ሦስት ቀን አልፎ ነበር።

በአራተኛው ቀን አንጁሎ ከጋሽ ዳልጋ ደጅ ሄዶ ቆመ። ዳልጋ በጉልምስናው ቤቱን አምስት ጊዜ ያስነሣ ሽማግሌ ነው።

"ስንት ጊዜ ቆረጥክ?"

"ሦስት።"

"ብቻህን?"

"ሰው እንዳያውቅ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"አይ አንተ! የምስጡን ዱቄት ትከሻህ ላይ ይዘህ ትዞራለህ፤ ከአንተ በቀር የማያውቅ የለም እኮ።" ሽማግሌው ሳቀ። "በል፣ ቤት ለቤት እየዞርክ ለምናቸው። የሰደብካቸውን አስቀድም።"

ዞረ። አንዳንዱ በሩን ዘጋበት። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ስድስት ዓመት ያጠራቀመችውን ስድብ ሁሉ ካወረደችበት በኋላ ባሏንና ሁለት ወንድሞቿን ላከች። በቀጠሮው ቀን አሥራ ስምንት ሰው መጣ።

ወጉ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ከውስጥ ይሆናል። ሌሎቹ ዙሪያውን ተሸክመው ሲሄዱ፣ እሱ መካከለኛውን አግዳሚ እንጨት ይዞ፣ ምንም ሳያይ በድምፃቸው ይራመዳል። "ቀኝ!" ሲሉት ወደ ቀኝ፣ "ድንጋይ!" ሲሉት እግሩን ያነሣል።

በጫልቻ ደጅ ሲያልፉ ሌላ ድምፅ መጣ። "አንጁሎ! አረፍ በላ፤ ለአንዴ ምን አለበት?"

ከድምፆች ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ይህን ነው። እግሩ ወደዚያ ሄደ። አግዳሚው ተጠማዘዘ፣ ቤቱ አዘመመ፣ ከፊት የነበሩት ሁለት ሰዎች በጉልበታቸው ወደቁ፤ ግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል ተቀደደ።

ከውስጥ ሆኖ ስድቡን ጠበቀ። ዳልጋ ግን "አስቀምጡት" ብቻ አለ። ተቀምጠው ትንፋሽ ሰበሰቡ፤ የተቀደደውን በገመድ ጠፈሩት።

"ከመነሻው እንጀምር?" አለ አንጁሎ በቀዳዳው።

"እስከዚህ ያመጣነውን ማን ወደ ኋላ ይመልሳል? ያዝ!" አለው ዳልጋ።

ከወደቁበት ቀጠሉ። አሁን አሥራ ስምንቱም ይጮሁ ስለነበር የጫልቻ ድምፅ የት እንደገባ አልታወቀም።

ቤቱ በአዲሱ መሬት ከተተከለ በኋላ፣ በየቀኑ በቀትር ከተሸካሚዎቹ አንዱ በተራው ይመጣል። ግድግዳውን አንኳኩቶ ያዳምጣል፤ ስለ በጉ፣ ስለ ገብሱ አውርቶ ይሄዳል። አንጁሎም በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ አይገኝም።

አሰለፈች ልጇን ይዛ የመጣች ቀን ተራው የዳልጋ ነበር። ጣሪያውን ቀና ብላ አላየችም፤ ግድግዳውንም አልነካችም። በቀጥታ ወደ ባሏ ሄዳ ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠጋችና ትንፋሹን አሸተተች። ቆየች። ደግማ አሸተተች። ከዚያ የልጅቷን እጅ ለቀቀች።

ዳልጋ ዱላውን አንሥቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።